ዳታው የሚጠፋው ላፕቶፕህ ስለደከመ አይደለም

ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ፦ ጎንደር ላይ ለመመረቂያ ፕሮጀክት የፔት ስካነርን (ሰውነት ውስጥ ከገባ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚወጡ ጥንድ ጋማዎችን ይዞ ምስል የሚሠራውን የሕክምና መሣሪያ) አሠራር በትንሹ ለማሳየት፣ ጨረር ሲመታው ብርሃን የሚሰጥ ሁለት የኤልዋይኤስኦ ክሪስታል ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ከሚቀይር ሲሊኮን ፎቶመልቲፕላየር ጋር አጣምረህ ሬድ ፒታያ 125-14 በሚባል ምልክት መዝጋቢ ቦርድ እያነበብክ ነው። ከሚጠበቀው ምልክት አብዛኛው አይመዘገብም፤ «ላፕቶፕ ልቀይር ወይ?» ብለሃል።

አትቀይር፣ ብርህን ያዝ። ቦርዱ ከሁለቱ ቻናል ከእያንዳንዱ በሰከንድ 125 ሚሊዮን ናሙና ይወስዳል፤ አንዱ ናሙና 2 ባይት ሲሆን ድምሩ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ነው። የኔትወርክ ገመዱ ጊጋቢት ስለሆነ ቢበዛ 125 ሜጋባይት ቢያሳልፍ ነው። አንተ ደግሞ ትሪገር (ምልክት መጣ የሚል ማስነሻ) በመጣ ቁጥር 16,384 ናሙና ያለውን የቦርዱን ጊዜያዊ ቋት በሙሉ በፓይተን ታስመጣለህ። ይህ ንባብ 5 ሚሊሰከንድ ብቻ ይፈጃል እንበል፤ በዚያ መሀል የመጣው ሁሉ ያልፍሃል። በሰከንድ 1,000 ምልክት ቢመጣ፣ 1,000 ሲካፈል ለ (1 + 1,000 × 0.005) የሚሰጥህ 167 ነው። የጨረር ምንጩን የፈለግከውን ያህል ብታጠናክር ከ200 አትዘልም።

ስለዚህ የትኛው ምልክት ይያዝ የሚለው ምርጫ እዚያው ቦርዱ ላይ ባለው ኤፍፒጂኤ (እንደፈለግከው የምታዋቅረው ቺፕ) ይጠናቀቅ። በሰርን፣ በአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል፣ ሲኤምኤስ የተባለው ግዙፍ ዲቴክተርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ከሚያልፈው ግጭት በጥቂት ማይክሮሰከንድ ውስጥ 100 ሺህ ያህሉን መርጦ ሌላውን ይጥላል። ላንተ የሚበቃው ይህ ነው፦ ከምልክቱ በፊት የነበሩትን 16 ናሙናዎች አማካይ እንደ መነሻ መስመር ያዝ (16 የሆነው በቢት ማንሸራተት ብቻ እንዲካፈል ነው)፤ ቀጥሎ ያሉትን 40 ናሙናዎች፣ ማለትም 320 ናኖሰከንድ፣ ከእያንዳንዱ መነሻውን እየቀነስክ ደምር። የክሪስታሉ ብርሃን በ40 ናኖሰከንድ ገደማ ስለሚከስም ይበቃል። የምትልከው ምልክቱ የመጣበት 8 ባይት ሰዓት፣ ለሁለቱ ኢነርጂ 2 2 ባይት፣ 4 ባይት ተራ ቁጥር፤ በጠቅላላው 16 ባይት። በሰከንድ 10,000 ቢሆን እንኳ 160 ኪሎባይት ብቻ ነው። ተራ ቁጥሩን ወደ ፊፎ (ምልክቶች ተሰልፈው መላክን የሚጠብቁበት ወረፋ) ከመግባቱ በፊት ስጠው፤ ፋይሉ ላይ ከ412 ወደ 415 ከዘለለ ሁለት እንደጠፋህ ወዲያው ታያለህ።

ፎቶው ላይ ደግሞ ገመዱ በቀጥታ እንደተሰካ አየሁ። የቦርዱ መግቢያ 1 ሜጋኦም ነው፣ ገመድህ 50 ኦም። ምልክቱ ነጥሮ ይመለስና አንዱ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፤ 2 ሜትር ገመድ ላይ ማስተጋባቱ 20 ናኖሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይመጣል። በቲ ማገናኛ 50 ኦም ተርሚኔተር ጨምርበት። የመግቢያውን የቮልት ክልል የሚመርጠው ጃምፐር ±1 ቮልት ላይ ከሆነም የምልክቱ ጫፍ እንዳይቆረጥ ተጠንቀቅ፤ የተቆረጠ ምልክት ኢነርጂውን ያሳንስብሃል።

የኮይንሲደንስ መስኮቱን፣ ማለትም የሁለቱ ቻናል ምልክቶች አብረው እንደመጡ የሚቆጠሩበትን የጊዜ ልዩነት፣ በጣም አታጥብበው። ናሙናህ በየ8 ናኖሰከንድ ስለሆነ ከ±16 ናኖሰከንድ ጀምር። እያንዳንዱ ቻናል በሰከንድ 10,000 ቢቆጥር የአጋጣሚ ጥምሩ 2 × 16 ናኖሰከንድ × 10,000 × 10,000፣ ማለትም በሰከንድ 3.2 ነው። ለማረጋገጥ አንዱን ቻናል በ63 ክሎክ (504 ናኖሰከንድ) አዘግይና ቁጠር፤ ያኔ የምታየው አጋጣሚው ብቻ ነው።

ሙቀቱን ችላ አትበል። ጎንደር ቀኑና ሌሊቱ አንድ አይደለም፣ የፎቶመልቲፕላየሩ የመነሻ ቮልቴጅ (ምልክት ማጉላት የሚጀምርበት) ደግሞ በአንዳንዱ ዓይነት በ1 ዲግሪ 20 ሚሊቮልት ገደማ ይንሸራተታል። ከመነሻው በላይ 2.5 ቮልት ከሰጠኸው የ10 ዲግሪ ለውጥ ጌይኑን (የማጉላት መጠኑን) 8 በመቶ ያንቀሳቅሰዋል፤ በኢነርጂ ግራፉ ላይ ያለው ፒክ ሌሊት ላይ ሲሄድብህ ኮዱን አትውቀስ። ቴርሞሜትር አጠገቡ አስርና ንባቡን እዚያው ፋይል ውስጥ ጻፍ።

መብራት ሲጠፋ ቦርዱ የሚነሳበት ኤስዲ ካርድ ሊበላሽ ስለሚችል ዳታ እዚያ ላይ አትጻፍ። ላፕቶፑ ላይ በየ5 ደቂቃው ፋይል እየዘጋህ አዲስ ክፈት።

የጨረር ምንጩ ሶዲየም 22 እስኪፈቀድልህም እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ። ክሪስታሉ ውስጥ ያለው ሉቴሺየም 176 ራሱ ጨረር አለው፦ ቤታው እዚያው ይቀራል፣ የ202 ወይም የ307 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማው ወደ ማዶው ክሪስታል ያመልጣል። ለትሪገር ሙከራ ነፃ ምንጭ ነው። ሶዲየሙ ሲመጣ ግን በሁለቱም ቻናል ከ400 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በታች ያለውን ቁረጠው፤ አለዚያ ይኸው ሉቴሺየም ከሶዲየሙ ጥንድ የ511 ጋማዎች ጋር ይቀላቀልብሃል።