ስለ ልጆቻችሁ ድድ ጠይቁ

እንደምን አመሻችሁ? ደብረ ማርቆስ ጥርስ ክፍል ነው የምሠራው። ስለ ልጆች ድድ የከበዳችሁን ሁሉ ጠይቁኝ። ስትጠይቁ ግን የልጁን ዕድሜ ጻፉ።

የቡሬዋ እናት፦ ዶክተር፣ ልጄ 5 ዓመቱ ነው። ጥርሱን ስቦርሽለት ድዱ ይደማል። እስኪሻለው ልተወው?

መልስ፦ እንዳትተዪው እህቴ። ብዙ ጊዜ የሚደማው መቦረሹ ስላነሰ ነው። ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበትን ቦታ በጥፍርሽ ጫር አድርጊው። ነጭ፣ ልስልስ ያለ ነገር ከወጣ እሱ ነው ጠላቱ። በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ድዱን ያስቆጡታል፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል። በለስላሳ ብሩሽ የድዱን ዳር ጭምር ጠዋትና ማታ 2 ደቂቃ ቦርሺለት። በአንድ ሁለት ሳምንት ካልቆመ ሐኪም ይየው። ገርጥቶ ወይም ሰውነቱ ላይ ያለ ምክንያት በልዞ ካየሽ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፤ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ደግሞም እስከ 7 ወይም 8 ዓመቱ ብቻውን አጥርቶ አይቦርሽም። አጠገቡ ሁኚ።

ከደምበጫ፦ የልጅ ድድ ሲያብጥ ምን ይደረግ?

መልስ፦ ዕድሜ? የቱ ጋ? መግል አለው? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

የሞጣዋ፦ ልጄ 7 ወሯ ነው። ተቅማጥና ትኩሳት ይዟታል። ላይኛው ድዷ ላይ ግራና ቀኝ ነጭ ነገር አብጦ ይታያል። አማቴ "ግግ ነው፣ ነገ ይውጣላት" ይላሉ።

መልስ፦ በፍጹም አታስነኪያት! ዛሬ የተቀመጥኩት ለዚህ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል።

ያ ነጭ እብጠት በሽታ አይደለም። ያልበቀለ የወተት ክራንቻ ነው። ክራንቻ ብዙውን ጊዜ ከ16 ወር በኋላ ነው ብቅ የሚለው። በ7 ወሯ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ነው። በምላጭ ወይም በወስፌ ተፈልፍሎ ሲወጣ ለስላሳ ስለሆነ "ትል ነው" እየተባለ ይታያል። ትል አይደለም፣ ያልጠነከረ ጥርስ ነው። ከሥሩ ደግሞ የቋሚው ክራንቻ ፍሬ አለ። እሱ ከተነካ በኋላ የሚመጣው ጥርስ ይጠማል፣ ይበላሻል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይወጣም። ይህ ደግሞ ቀላሉ ጉዳት ነው። ሕፃን ልጅ ያላት ደም ትንሽ ነው፤ ሲፈስ ቶሎ ትዳከማለች። በዚያው ስለት ቴታነስም ኤችአይቪም ሊገባ ይችላል።

ታዲያ ተቅማጡ ከምን መጣ? በዚህ ዕድሜ ምግብ ትጀምራለች፣ መሬት ላይ ትንፏቀቃለች፣ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ትከታለች። ጥርስ ማብቀል ድድ ያሳክካል፣ ለሃጭ ያዝረበርባል እንጂ ከባድ ተቅማጥና ትኩሳት አያመጣም። ብዙው ተቅማጥ በቀናት ውስጥ በራሱ ይቆማል። ያን ቀን ግግ ወጥቶ ከሆነ ምስጋናው ለአውጪው ይሆናል። አሁን ጡት አጥቢያት፣ ኦአርኤስ ስጫት፣ ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ዚንክም ይሰጧታል። ዓይኗ ከጎደጎደ ወይም መጥባት ካቆመች ጠዋትን አትጠብቂ። አማትሽን ግን አትጋጫቸው። ለልጅ ልጃቸው አዝነው ነው። ይህን አንብቢላቸው።

የቢቸናው፦ እኔ በልጅነቴ ግግ ወጥቶልኛል። ምንም አልሆንኩም።

ከፍኖተ ሰላም፦ የእህቴ ልጅ ግን ደሙ አልቆም ብሎ ሆስፒታል ነው ያደረችው። አንተ ስለተረፍክ ሁሉም ይተርፋል?

የቢቸናው፦ አባቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ሁሉ ከንቱ ነው በያ! እንጥልስ?

መልስ፦ እንጥል ለሌላ ቀን ይቆየን፤ እሱም አይቆረጥም። ወንድሜ፣ ያልተረፉት እዚህ መጥተው አይጽፉም። እስቲ መስታወት ፊት ክራንቻህን እየው።

የቢቸናው፦ የግራው ትንሽ ጠማማ ነው።

መልስ፦ ከግግ ነው ብዬ አልምልም። ክራንቻ በሌላ ምክንያትም ይጠማል። ልጆችህን ግን አታስነካ።

ከዳንግላ፦ ጥርስ የተበላሸው ብሩሽ ከመጣ ወዲህ ነው። የወይራ መፋቂያ ይበቃል።

የደጀኗ፦ የሕፃን ድድ በመፋቂያ? ይወጋዋል እኮ!

መልስ፦ ጥርስ ያበላሸው ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ነው። ለአዋቂ መፋቂያ ጥሩ ነው። ለትንሽ ልጅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና። ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 የአተር ፍሬ ያህል።

የደጀኗ፦ የጎረቤቴ ልጅ 4 ዓመቱ ነው። ከኩፍኝ ከተነሳ በኋላ ድዱ ቆስሎ ጠቆረ፣ አፉ ይሸታል። ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍተው ነሰነሱበት።

መልስ፦ አሁኑኑ ሆስፒታል ይውሰዱት። ኖማ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። ከኩፍኝ፣ ከወባ ወይም ከምግብ እጥረት በኋላ የተዳከሙ ትንንሽ ልጆችን ይይዛል። ከድድ ተነስቶ በቀናት ውስጥ ጉንጭ ይበላል፣ ይገድላልም። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው። በጊዜ ከተደረሰበት በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ አፉን በማጽዳትና በምግብ ይቆማል። ቴትራሳይክሊኑን ይተዉት። ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከወሰደው ጥርሱን ለዘለዓለም ያበልዘዋል።

ከደብረ ኤልያስ፦ ሲቦረሽ ድዱ ይደማል፣ ላቁምለት?

መልስ፦ ለቡሬዋ እህት መልሻለሁ። አታቁም።

ከአማኑኤል፦ የ9 ዓመት ልጄ ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን ይወስዳል። ድዱ አድጎ ጥርሱን ሊሸፍነው ነው።

መልስ፦ መድኃኒቱ ያመጣዋል። በራስህ እንዳታቋርጠው፤ ለሚያክመው ሐኪም ንገረው። አፉ በጸዳ ቁጥር እድገቱ ይቀንሳል።

ከመርጦ ለማርያም፦ ጥርስ ማሰር ስንት ነው?

መልስ፦ የዛሬው ድድ ነው።

ከደምበጫ፦ ይቅርታ ዶክተር። 6 ዓመቷ ነው። ከተበላው መንጋጋዋ ሥር ድዷ ላይ መግል የቋጠረ ብጉር አለ። በመርፌ ላፍርጠው?

መልስ፦ አሁን ገባኝ። አታፍርጠው። መግሉ የመጣው ከጥርሱ ሥር ነው፤ ብጉሩ ቢፈርጥም ተመልሶ ይሞላል። ጥርሱ ይታከማል ወይም ይነቀላል። ፊቷ ካበጠ ወይም ካተኮሳት ዛሬውኑ፣ ካልሆነ ነገ ውሰዳት። ቁርሷን አብልተሃት ይሁን፤ ባዶ ሆዷን ከመጣች ወንበሩ ላይ ቶሎ ትደክማለች።