ለመጀመሪያ ጊታርህ የትኛው ማገር?

ሰላም ወንድሜ። የመጀመሪያ ጊታርህን እየሠራህ ነው፤ የፊቱ ሳንቃ ደርሷል፤ ከውስጥ የሚለጠፈውን ማገር፣ ብሬሲንግ የምንለውን፣ በኤክስ፣ በማራገቢያ ወይስ በመሰላል ቅርጽ ልሥራው ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ሱሉልታ ባለችኝ ትንሽ ወርክሾፕ ጊታር መሥራትና መጠገን ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በእጄ ያለፈውን ልንገርህ።

ቅርጹን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ ክሩን ወስን። ስድስት የብረት ክሮች፣ ቀጭኖቹ እንኳ፣ ሲቃኙ 70 ኪሎ ገደማ ይስባሉ። ናይለን ወደ 40 ኪሎ ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው ሌት ተቀን ብሪጁን፣ ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበትን እንጨት፣ ይዞ ሲጎትት አስበው። ሳንቃው ደግሞ ውፍረቱ 3 ሚሊ እንኳ አይሞላም።

ለብረት ክር ኤክስ ሥራ፤ እዚህ ላይ አላመነታም። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ያዳበረው ጀርመን ተወላጁ ጊታር ሠሪ ማርቲን ነው። የሚገርመው ያኔ ክሩ ገና የአንጀት ጅማት ነበር። የብረት ክር በኋላ ሲመጣ ግን ጉልበቱን የቻለው ይኸው ኤክስ ሆነ። ሁለቱ ዋና ማገሮች ከቀዳዳው በታች ይሻገሩና በብሪጁ ሁለት ጫፎች ሥር ያልፋሉ።

ለናይለን ማራገቢያው ይሻላል። ስፔናዊው ጊታር ሠሪ ቶሬስ ሰባት ቀጫጭን እንጨቶችን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ የዛሬውን የክላሲካል ጊታር መልክ አስያዘው። እ.ኤ.አ. በ1862 ደግሞ የአንድ ጊታር ጎኑንና ጀርባውን ከወረቀት ሠርቶ ፊቱን ብቻ እንጨት አድርጎታል። ድምፁ ያለው ፊቱ ላይ ነው ለማለት ነው። ጊታሩ አሁንም ባርሴሎና ሙዚየም ውስጥ አለ።

መሰላሉ ለመሥራት ቀላል ነው፤ ርካሽ ጊታሮች ላይ የምናየውም ለዚህ ነው። ለጥገና የሚመጡልኝ የብረት ክር የታሰረባቸው ባለመሰላሎች ግን ሕመማቸው አንድ ነው። ክሩ ብሪጁን ወደ ፊት ሊገለብጠው ይታገላል፤ ማገሮቹ አግድም ስለሆኑ በመካከላቸው የሚይዘው የለም። ከብሪጁ ኋላ ያብጣል፣ ወደ ቀዳዳው በኩል ይሰምጣል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከቅርጹ ይልቅ ብዙ ጊታር ያበላሸብኝ የማገሩ ቁመት ነው። ስፋቱን በግማሽ ብትቀንስ ጥንካሬው በግማሽ ይቀንሳል። ቁመቱ ግን እንደዚያ አይደለም። 15 ሚሊ የነበረውን 12 ብታደርገው ያችው 3 ሚሊ ግማሹን ጥንካሬ ይዛ ትሄዳለች። እኔ ይህን የተማርኩት በሁለተኛው ጊታሬ ነው። ፊቱን በጣቴ ሳንኳኳው ድምፁ ታፈነብኝ። መሮዬን አንስቼ ኤክሱን ላግኩት። አሁንም አንኳኳሁ፣ አሁንም ላግኩ። እየተከፈተ ሲመጣ ደስ አለኝና ማቆም አቃተኝ። ተዘግቶ ክር ሲገባለት እውነትም ያምር ነበር። በሁለት ወሩ ግን ክሩ ከፍሬቶቹ፣ አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች፣ ራቀ። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ከብሪጁ ኋላ ባጋድምበት በሁለቱም ጫፍ ብርሃን ያሳልፋል፤ 5 ሚሊ አብጧል። ጀርባውን አላቅቄ ማገሩን እንደ አዲስ ሠራሁት። ስለዚህ 8 ሚሊ ስፋት፣ 15 ሚሊ ቁመት ይዘህ ጀምር። ጫፎቹን አሳሳ፤ የሚሻገሩበትን መሃል ግን እንዳትነካ።

መሻገሪያው ላይ ሌላ ነገር አለ። አንዱ ማገር ከላይ፣ አንዱ ከታች ተቦርቡሮ ነው የሚጋጠሙት። ክፍቱ ወደ አንተ የሚያየው ማገር እዚያች ጋ ደካማ ነው። በላዩ ላይ ቁራጭ እንጨት ወይም ኮላ የጠጣ ጨርቅ ለጥፍበት። ብዙ ሰው ይረሳዋል።

እንጨቱስ? ለማገር የሚመረጠው ስፕሩስ፣ የጥድ ዘመድ የሆነው ቀላል እንጨት፣ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። እኔ ከተሰባበሩ አሮጌ ፒያኖዎች የጀርባ ማገሮች እቆርጣለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ስፕሩስ ናቸው፣ ደግሞ ለዘመናት ደርቀዋል። ከእንጨት መሸጫ ጥድ ከገዛህ ጉጥ የሌለበትን ምረጥ። ከዚያ በመጋዝ ከመቁረጥህ በፊት መሮ አስገብተህ ሰንጥቀው። ስንጥቁ ቀጥ ብሎ ከወረደ ያዘው። ወደ ጎን ከሸሸ ለሌላ ሥራ አውለው፤ ማገር ብታደርገው በዚያው መስመር ይሰበራል። የእንጨቱ መስመሮችም ሳንቃው ላይ ቁመው እንጂ ተኝተው አይለጠፉ።

አደራ፣ በክረምት ማገር አትለጥፍ። እኛ ጋ ሐምሌና ነሐሴ እንጨቱ ውኃ እንደ ጠጣ ነው። ያኔ የለጠፍከው ሳንቃ በጋ ሲመጣ ወደ ጎን ይኮማተራል፤ ማገሩ ደግሞ በርዝመቱ አይኮማተርም። መሃል ላይ የሚተረተረው ሳንቃው ነው። ጥቅምት እስኪገባ ታገስ። ትንሽ የአየር እርጥበት መለኪያ ግዛና ከ45 እስከ 50 በመቶ ሲያሳይህ ለጥፍ።

ጀርባውን ከመዝጋትህ በፊት የውስጡን ፎቶ እዚህ ለጥፍልን። አሁን አንድ ሰዓት የሚፈጀው ማስተካከያ፣ ከተዘጋ በኋላ በቀዳዳው እጅ አስገብቶ መዳበስ ነው የሚሆነው።