ገጸ ባህሪሽ ሀብታም መሆን የሚፈልገው ማን እንዲያይለት ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በምትጽፊው ታሪክ ውስጥ መርካቶ ሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራ ልጅ አለሽ። ሀብታም መሆን ይፈልጋል። ያነበቡልሽ ሰዎች ግን «ልጁ ደስ ይላል፣ ግን ተሳካለት አልተሳካለት ምንም አልመሰለንም» አሉሽ። አንቺም ዓላማውን እንዴት ላጠንክረው ብለሽ ጠየቅሽ። እኔ ለሬዲዮ ተከታታይ ድራማ እጽፍ ነበር፣ አሁን ደግሞ የጀማሪዎችን ረቂቅ አነባለሁ፤ ከዚያ የቀረልኝን ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

«ሀብታም መሆን» የሚለውን መጀመሪያ እርሺው። የማይፈልግ ማን አለ? እኔም እፈልጋለሁ። አንባቢ በእጁ የሚጨብጠው ነገር ስጪው። ልጁ ምን ሲያገኝ ነው «በቃ፣ ሆነልኝ» የሚለው? እስከ መቼ? ደግሞ፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምጠይቀው ይኼንን ነው፣ ማን ሲያይለት? የኛ ሰው ብቻውን ተቀምጦ አይመኝም። የሚመኘው በእናቱ ፊት፣ በጎረቤት ፊት፣ ትናንት ዝቅ አድርጎ ባየው ሰው ፊት ነው። ያንን ሰው ካላገኘሽለት ልጁ ስንት ገጽ ቢያወራ አየር ላይ ነው።

እስቲ ያንቺኑ ልጅ እንውሰድ። ጉራጌ ነው እንበል። ከአገር ቤት ያመጣው አጎቱ ነው፣ የሚሠራውም በአጎቱ ሱቅ ነው። መስቀል ሲደርስ መርካቶ ግማሹ ሱቅ ተዘግቶ ሰው ወደ አገሩ እንደሚጎርፍ ታውቂያለሽ። ልጁ እስካሁን የገባው በአጎቱ መኪና፣ የአጎቱን ስጦታ ተሸክሞ ነው። ክትፎው ቀርቦ ቤተሰብ በተሰበሰበበት አጎትየው ሁልጊዜ አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል፦ «እኔ ባላመጣው ይኼኔ የት ነበር?» ሁሉም ይስቃል። እናቱም ትስቃለች። ልጁን የሚያቃጥለው የእናቱ ሳቅ ነው።

አሁን ፍላጎቱ ምን ሆነ? በሚመጣው መስቀል በራሱ ገንዘብ አገር ቤት መግባት፣ ለእናቱ በራሱ እጅ ነጠላ ማልበስ፣ ከሰንጋው ድርሻ መክፈል። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፣ ሀብታምም አያሰኝም። ግን ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ የሚያዩት ሰዎች አሉ። አንባቢም ጳጉሜን በቀረበች ቁጥር አብሮት ይጨነቃል። ስለ ሚሊዮን ብር ብትጽፊ ይኼን ጭንቀት አታገኚውም።

ከዚህ በኋላ መንገዱን አጥብቢበት። እኔ እቁብ በጣም እወዳለሁ፣ ለጸሐፊ እንደ እቁብ ያለ ነገር የለም። ሰዎች በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፣ እኩል ይጥላሉ፣ ዕጣው ግን የሚወጣው ለአንድ ሰው ነው። አንዱ ለልጁ ሠርግ ይፈልገዋል፣ አንዱ ዕቃ ሊያራግፍበት፣ አንዷ ለባሏ ሳትናገር ለእህቷ ልትልክበት። ያው አንድ ብር ነው፣ ምክንያቱ ግን እንደየሰዉ ነው። ልጅሽ ከመስቀል በፊት ዕጣው ወጣለት እንበል። ደስ አይበልሽ፣ ገና ነው! ቶሎ የደረሰው ሰው ቀሪውን ሳይከፍል እንዳይጠፋ ዋስ ጥራ ይባላል። መርካቶ ውስጥ ለዚህ ልጅ ዋስ የሚሆን ማን ነው? አጎቱ ብቻ። ከእጁ ሊወጣ ወደሚፈልገው ሰው ሄዶ «ፈርምልኝ» ማለት አለበት። አጎቱ ከፈረመ በመስቀል ማታ ምን እንደሚል አንባቢው ከወዲሁ ያውቃል። እና ልጁ ምን ያደርጋል? ይለምናል? ዕጣውን ለቸገረው ሰው ሸጦ ትንሽ ያገኛል? ከመሳቢያው ያነሳል? ከነዚህ አንዱን ሲመርጥ ያን ጊዜ ነው ማን እንደሆነ የምናውቀው። ያን ሠላሳ ገጽ ስለ ጠባዩ ያወራሽውን ይኼ አንድ ገጽ ይሠራልሻል።

ብዙ ጀማሪዎች ጋ የማየው ሌላ ነገር፣ ድህነትን እንደ ምክንያት ማቅረብ ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ ስለምትሄድ ልጅ ስንት ረቂቅ አንብቤያለሁ መሰለሽ። «ለምን ሄደች?» ስል «ድሃ ስለሆነች» ይሉኛል። ጎረቤቷስ? እሷም ድሃ ናት፣ ግን አልሄደችም። ድህነት ሁለቱም የሚኖሩበት ነው፣ አንዷን ብድግ ያደረጋት ግን ሌላ ነገር መሆን አለበት። ለምን በዚህ ወር? ምናልባት ከማዶ ያለው ቤት ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ለበሰ፣ ዝናብ ሲዘንብ ድምፁ እስከ እነሱ ቤት ይሰማል፣ አባቷም በሰማ ቁጥር ዝም ይላል። ይኼን ብትጽፊ «ድሃ ነበረች» ብለሽ መጻፍ አያስፈልግሽም።

ምክንያቱ ደግሞ ሁልጊዜ ከራሱ ከገጸ ባህሪው መምጣት የለበትም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስቢው። በዛብህን ገና በልጅነቱ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል። እሱን የጠየቀው የለም። አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ፍቅሩ ከአባቷ ከፊታውራሪው ትዕቢት ጋር ብቻ አይጋጭም፣ እሱ ራሱ ካልተሳለው ስለትም ጋር ይጋጫል። ሌሎች የገቡትን ቃል ተሸክሞ የሚሄድ ሰው እኛ አገር በየቤቱ አለ፤ «ዶክተር ትሆናለህ» ተብሎ ያደገውን ሁሉ ቁጠሪ። አንቺም ልጅሽን «ማን ምን ቃል ገብቶብሃል?» ብለሽ ጠይቂው።

ስለ ንግግሩም አንድ ነገር ልበል፣ እዚህ ላይ ትንሽ እናደድበታለሁ። ረቂቅሽ ውስጥ ልጁ ለጓደኛው «ሕልሜ ትልቅ ሰው መሆን ነው፣ ለዚህም እታገላለሁ» ይላል ብለሻል። አውጪው፣ እባክሽ። ይኼ የምረቃ ንግግር ነው። ይሉኝታ ባለበት አገር ሰው የሚፈልገውን እንዲህ ዘርግፎ አይናገርም፣ ይልቁንም ብላ ሲሉት «ጠግቤያለሁ» እያለ ዓይኑ ሌማቱ ላይ ይቀራል። ልጁ የሚፈልገውን ነገር እንዲሸሽገው አድርጊ፣ አንባቢው ብቻ ይወቅበት። ነጠላውን ገዝቶ ሱቁ ውስጥ ከጣቃ ጨርቅ ሥር ይደብቀው፣ አጎትየው ለደንበኛ ጨርቅ ሲያወርድ ያግኘውና «ይኼ ደግሞ የማነው?» ይበል። ልጁ «የደንበኛ ነው» ይበል። ምንም ሳይባል ስንት ነገር ተባለ!

አጎትየውን ደግሞ ክፉ ብቻ አታድርጊው። እሱም የሚፈልገው ነገር አለው። የራሱ ልጆች አሜሪካ ናቸው፣ ሱቁን የሚረከበው የለም፣ ጉልበቱን ያመዋል። ያቺ «እኔ ባላመጣው» የምትለዋ ቀልድ «ጥለኸኝ እንዳትሄድ» ማለት ሊሆን ይችላል፣ ለራሱም እንኳ አልገባውም ይሆናል። ዋስ ሁነኝ ሲባል የሚፈራው ብሩን አይደለም። ይኼን ስታውቂ የፊርማው ትዕይንት ሁለት ሰው የሚጎዳበት ይሆናል። አሁን ባለው ረቂቅሽ የሚጎዳው አንድ ሰው ነው፣ እሱም አልጨነቀንም ተባለ።

የሕይወት ታሪካቸውን በሙሉ ጽፈሽ ካልጨረስሽ አትጀምሪ የሚሉሽን ብዙ አትስሚ። የተወለደበት ቀን፣ የሚወደው ቀለም ምናምን ለኔ ሠርቶልኝ አያውቅም። የፊርማውን ትዕይንት መጀመሪያ ጻፊው፣ አንዴ በልጁ በኩል፣ አንዴ በአጎቱ። የአጎቱ ከበለጠብሽ አትደንግጪ፣ ምናልባት ታሪኩ የሱ ነው። ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊው፣ አነብልሻለሁ።