ልጅ ሲኮላተፍ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ከ4 ወር ልጄ «ቁርስ» ማለት ሲፈልግ «ኩስ» ይላል። እንግዳ ፊት «ኩስ በላሁ» ሲል ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ላርመው?

መልስ፦ «ቀ»ን በ«ከ» ተካ፣ «ር»ን ዋጠ፤ በቃ። «ቀ»፣ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» ትንፋሽ ጉሮሮ ላይ ተይዞ ስለሚፈነዱ ለትንሽ አፍ ይከብዳሉ፤ «ከ»፣ «ተ»፣ «ቸ»፣ «ሰ» ይቀሉታል። «ር» የምላስ ጫፍ መርገብገብ ይፈልጋል፣ ስለዚህ «በር» «በል» ይሆናል ወይም «ር»ዋ ጨርሳ ትጠፋለች። በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው።

«እንዲህ አይባልም፣ ድገመው!» አትበሉት፤ ያኮርፍና ዝም ይላል። «አዎ፣ ቁርስ በላህ! ቁርሱ ፍርፍር ነበር?» ብላችሁ ትክክለኛውን ቃል በወሬ መሀል ሁለት ሦስቴ አሰሙት። የኮክና የቆቅ ሥዕል ጎን ለጎን አስቀምጡና «ቆቅ የቷ ናት?» በሉት። በትክክል ከጠቆመ ጆሮው ለይቶታል፣ የቀረው አፉ ነው። አብሮ «ኩስ» ማለቱ ግን ይቅር፤ ልጁ የሚቀዳው ከእናንተ ነው።

ጥያቄ፦ «ና» በማለት ፈንታ «ምጣ» ይለኛል። «አንተ» እና «አንቺ»ንም ያምታታል፤ ወንድ አያቱንም «አንተ» ይላቸዋል።

መልስ፦ «ምጣ» የሚያስደስት ስህተት ነው። ከ«በላ» «ብላ»፣ ከ«ሰማ» «ስማ» ከመጣ፣ ከ«መጣ» «ምጣ» ቢል ማን ይፈርድበታል? ሕጉን ራሱ አውጥቶታል፤ ከሕጉ ያፈነገጠው «ና» ነው። «አንተ» እና «አንቺ»ን የምናምታታበትም እኛው ነን፤ ወንዱን ስናቆላምጥ «ነይልኝ»፣ ሴቷን «ና የኔ ጌታ» እንላለን። አንቱታ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ከማዘዝ ይልቅ እሱ እየሰማ «አባባ፣ ይቀመጡ» በሉ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ ነው። ልጄ 2 ዓመቷ ነው፤ 30 ያህል የአማርኛ፣ 25 ያህል የእንግሊዝኛ ቃል አላት። «አባ ካር ሄደ» ትላለች። ዘገየች?

መልስ፦ ደምሩት፦ 55። በ2 ዓመት የሚጠበቀው 50 ገደማ ቃልና ሁለት ቃል ማጣመር ነው፤ እሷ ሦስት አጣምራለች። አማርኛውን አታቋርጡ።

ጥያቄ፦ ታዲያ መቼ ነው መስጋት ያለብን?

መልስ፦ በ16 ወር አንድም ቃል ከሌለ፣ በ2 ዓመት ሁለት ቃል ካላጣመረ፣ ይናገር የነበረውን ከተወ፣ ከኋላው ሲጠራ ካልዞረ፣ ወይም ጆሮው ቶሎ ቶሎ መግል ካወጣ። ያኔ መጀመሪያ የመስማት ምርመራ ነው። ባዕድ ሰው በ2 ዓመት ግማሹን፣ በ3 ዓመት ሦስት አራተኛውን፣ በ4 ዓመት ሁሉንም ለማለት ይቻላል ሊረዳው ይገባል። «አፉ እንዲፈታ» ብሎ እንጥል ማስቆረጥ ንግግር አያመጣም፤ ትርፉ መድማትና መመርቀዝ ነው።

ጥያቄ፦ የሚላቸውን ሳልረሳ እንዴት ልያዝ?

መልስ፦ በስልክ መቅረጹ ጥሩ ነው፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉና ስልኩን ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት። ካሜራ ሲያይ ግን ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፤ ስለዚህ ወጥ ቤት ደብተር ይኑር። ቀን፣ ዕድሜ በወር፣ ልክ እንዳለው፣ ትርጉሙ፣ ምን እያየ እንደነበር። ትርጉሙን ዛሬውኑ ካልጻፋችሁ በዓመቱ እናንተም አትፈቱትም። ለምሳሌ፦

«ሚያዝያ 12፣ 28 ወር። ‹ቸለካን ማን ገመታት?› (ጨረቃን ማን ገመጣት? ግማሽ ጨረቃ አይቶ።)»