ዋት ፖ ወይስ ዋት ፍራ ኬው?

ባንኮክ ውስጥ ግማሽ ቀን ብቻ ካለሽ የትኛውን ቤተ መቅደስ እንደምታዪ ጠይቀሻል። እኔ ዋት ፖ እላለሁ። ዋት ፍራ ኬውም በጣም ያምራል፤ ግን ሰው ይበዛበታል፣ እዚያ ያለውን አረንጓዴ የቡድሃ ሐውልትም ከሩቅ ነው የምታዪው።

ዋት ፖ ያለው የተጋደመ ቡድሃ 46 ሜትር ይረዝማል፤ መላ አካሉ በወርቅ ተለብጧል። ብዙ ሰው ፊቱን ፎቶ አንስቶ ይወጣል። አንቺ እግሩ ጋ ቁሚ! የውስጥ እግሩ ላይ 108 ምልክቶች በሚያብረቀርቅ ዛጎል ተሠርተዋል፤ እንዴት ያለ እጅ ሥራ መሰለሽ። በጀርባው በኩል ደግሞ 108 የነሐስ ጎድጓዳ ሳህኖች ተደርድረዋል። ሰዉ ሳንቲም እየጣለ ሲያልፍ ድምፁ አዳራሹን ይሞላዋል።

ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሺ። ጫማ ይወለቃል። መንገድ ላይ "ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ልውሰድሽ" የሚል የቱክቱክ ሹፌር ካጋጠመሽ አትስሚው፤ ቲኬት መቁረጫው ድረስ ሄደሽ ራስሽ ጠይቂ።