ልጆቹ ትራምፖሊን አምሯቸዋል፣ የትኛው ቤት ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የምጽፈው ከደሴ ነው። የ4፣ የ7 እና የ11 አመት ልጆች አሉኝ። ትምህርት ሲዘጋ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ልንሄድ ነው፣ ልጆቹ ደሞ ስልክ ላይ ቪዲዮ አይተው ትራምፖሊን ካልወሰድሽን እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጥተውኛል። እህቴ የብዙ ቦታ ፎቶ ላከችልኝ፣ ሁሉም ያምራል፣ መብራቱ ቀለሙ ጉድ ነው። ባሌ "አንድ ቀን ለሚሆን ነገር ትልቁን መርጠሽ ውሰጃቸው በቃ" ይላል፣ እኔ ግን የትንሹ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው። ምን ምን አይቼ ልምረጥ? ሶስቱ አብረው ቢዘሉስ ችግር አለው?
የሶስት ልጆች እናት፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ሆድሽ የነገረሽ ነገር ልክ ነው፣ ከትንሹ እንጀምር።

"ትልቁን ምረጪ" የሚለውን ብዙ ሰው ይለዋል፣ ግን የአዳራሹ ስፋት ልጅ አይጠብቅልሽም፣ መብራቱም እንደዛው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማጣራው ሁለት ነገር ነው፣ ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ተለይተው የሚጫወቱበት ቦታ አለ ወይ፣ እና መዝለያው አጠገብ የሚቆመው ሰራተኛ አይኑ ልጆቹ ላይ ነው ወይ። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ሌላው ምንም ቢያምር እኔ ልጅ ይዤ አልገባም።

ለምን መሰለሽ፣ ትራምፖሊን ላይ ልጅ የሚጎዳው ወድቆ ብቻ ይመስለናል፣ ዋናው ጣጣ ግን ሁለት ሶስት ልጅ አንድ ጨርቅ ላይ ሲዘል ነው። የ11 አመቱ ዘሎ ሲያርፍ ጨርቁ ወደ ታች ይለጠጣል፣ ከዛ ስፕሪንጎቹ ስበው ወደ ላይ ይመልሱታል፣ ልክ በዛች ቅጽበት የ4 አመቱ ከላይ እየወረደ ከሆነ እግሩ የሚያርፈው በሚሰምጥ ጨርቅ ላይ ሳይሆን ወደሱ እየተወረወረ በሚመጣ ጨርቅ ላይ ነው፣ ትልቁ ያወረደው ጉልበት በሙሉ የሚሄደው በትንሹ እግር በኩል ነው። ልጁ አልወደቀም፣ ማንም አልገፋውም፣ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ዝም ብሎ ዘሎ ያረፈ ነው የሚመስለው፣ ግን ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ያለው የቅልጥም አጥንት ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዛ ይቀመጥና ያለቅሳል፣ እኛም "ምን ሆነህ ነው፣ ምንም አልነካህም እኮ" እንለዋለን።

የአሜሪካ የህፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እኤአ በ2012 ያወጣው መግለጫ ላይ ከትራምፖሊን ጉዳቶች ውስጥ ወደ 75 ፐርሰንቱ የደረሰው ከአንድ በላይ ሰው በአንዴ ሲዘል ነው ይላል፣ አብረው ከሚዘሉት መሀል ደሞ ትንሹ የመጎዳት እድሉ ከከባዱ እስከ 14 እጥፍ ይደርሳል። መግለጫው በዋናነት የሚያወራው ስለ ቤት ትራምፖሊን ቢሆንም የጨርቁና የስፕሪንጉ አሰራር አዳራሽ ውስጥም ያው ነው። የአጥንት ሐኪሞቹ አካዳሚ ደሞ ከ6 አመት በታች ያለ ልጅ ጭራሽ ትራምፖሊን ላይ ባይወጣ ነው የሚለው። ስለዚ ቁርጡን ልንገርሽ፣ ሶስቱ አብረው አይዝለሉ፣ የ4 አመቱን ደሞ ትራምፖሊኑ ላይ አታውጪው፣ ወንድሞቹ ግራና ቀኝ እጁን ይዘውትም ቢሆን።

ይሄ ማለት ትንሹ ልጅ እቤት ይቅር ማለት አይደለም። እዛው ግቢ ውስጥ ሸርተቴ፣ የኳስ ገንዳ፣ በስፖንጅ የተሰራ መወጣጫ ያለው ቤት ፈልጊ፣ እና ነገሩን ከቤት ሳትወጡ ንገሪው፣ "አንተ የኳሱ ጋ ነህ" በይው፣ እዛ ደርሶ ከተከለከለማ ለቅሶው ሌላ ነው። እህትሽንም ይዘሻት ሂጂ። አንድ ሰው የኳስ ገንዳውንም ትራምፖሊኑንም እኩል ማየት አይችልም፣ አንዳችሁ ትንሹ ጋ አንዳችሁ ትልልቆቹ ጋ ሁኑ። አንዳንዱ ቦታ ወላጅ የሚቀመጥበት ካፌ ፎቅ ላይ ወይ ከግድግዳ ጀርባ ይሆናል፣ ቡናው ቢጥምም ልጅሽ ካልታየሽ ያ ቤት ላንቺ አይሆንም።

እህትሽ እዛው ስላለች በጣም ጠቅሞሻል። ፎቶ ከምትልክ ቅዳሜ ከሰአት፣ ቤቱ ጢም ባለበት ሰአት፣ ጎራ ብላ ትየው፣ ምክንያቱም ባዶ አዳራሽ ሁሉም ስርአት ያለው ይመስላል። አንድ ጨርቅ ላይ ስንት ልጅ እንደሚዘል ትመልከት፣ ሁለት ልጅ ሲሆኑ ሰራተኛው ፊሽካ ነፍቶ አንዱን ያስወጣል ወይስ ዝም ይላል? ስፕሪንጎቹንና ብረቱን የሚሸፍነውን ፍራሽ በእጇ ጫን ትበለው፣ ብረቱ ከተሰማት ወይ ፍራሹ ተንሸራቶ በመሀል ክፍተት ካለ የልጅ እግር እዛ ይገባል። የጨርቁን ስፌት፣ የተቀደደ ቦታ በፕላስተር ተለጥፎ እንደሆነ ትይ። አዳራሽ ውስጥ ስለሆነ ደሞ አንድ ነገር ትጠይቅልሽ፣ መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? ልጆች አየር ላይ እያሉ ድንገት ጨለማ ሲሆን ወዲያው የሚበራ የድንገተኛ መብራት መኖር አለበት፣ ጄነሬተር እስኪነሳ እኮ ደቂቃ ይፈጃል። እኤአ በ2022 ለትራምፖሊን ፓርኮች ብቻ የወጣ አይኤስኦ 23659 የሚባል አለም አቀፍ የደህንነት መስፈርትም አለ፣ ኃላፊውን "በዚህ ነው የሰራችሁት?" ብላ ብትጠይቀው አመላለሱ ራሱ ብዙ ይነግራታል።

የስፖንጅ ጉድጓዱን (ልጆች ዘለው የሚገቡበት በስፖንጅ ቁርጥራጭ የተሞላውን ማለቴ ነው) ለብቻው ትየው። ስፖንጁ እየቆየ ሲሄድ ይደቅና ጉድጓዱ ይጎድላል፣ ከላይ ሙሉ መስሎ ከባድ ልጅ ሲገባበት ወለሉ ድረስ ይደርሳል። ጭንቅላትን ቀድሞ መግባት ክልክል መሆን አለበት፣ አንዱ ሳይወጣ ሌላው እንዳይዘል የሚያደርግ ሰውም ያስፈልጋል። ንፅህናውም ያው ነው፣ ያን ሁሉ ቁርጥራጭ ማጠብ ቀላል ስላልሆነ አሁን አሁን በስፖንጁ ፋንታ በአየር የተሞላ ትልቅ ፍራሽ የሚያደርጉ አሉ፣ ምርጫ ካለሽ እሱ ይሻላል።

የ11 አመቱ ቪዲዮ ላይ ያየውን አየር ላይ መገልበጥ መሞከሩ አይቀርም። አይሆንም በይው፣ እና ምክንያቱንም ንገሪው፣ ትልቅ ልጅ ነው ይገባዋል፣ አንገት ላይ የሚደርሰው ከባዱ ጉዳት የሚመጣው ከሱ ነው። ትራምፖሊን እኮ እኤአ ከ2000ው የሲድኒ ኦሎምፒክ ጀምሮ የኦሎምፒክ ስፖርት ነው፣ እዛ እንኳን በግል ውድድሩ አንድ ሰው ብቻውን ነው ትራምፖሊኑ ላይ የሚወጣው፣ አመታት ሰልጥኖ፣ ዙሪያውን ጠባቂ ቆሞለት።

ቀኑን በተመለከተ፣ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ታውቂዋለሽ፣ ልጆቹ ሲደርሱ ተዝለፍልፈው ነው የሚደርሱት። በነጋታው አትውሰጃቸው፣ የደከመ እግር አስተካክሎ አያርፍም። ከተቻለ በስራ ቀን ጠዋት 3 ሰአት 4 ሰአት ላይ ሂዱ፣ ሰው ስለማይበዛ የ7 አመቱም የ11 አመቱም ለየብቻ ጨርቅ ያገኛሉ፣ እነሱም ቢሆኑ የክብደት ልዩነት ስላላቸው አንድ ላይ አይሁኑ። አንድ ሰአት ይበቃል፣ በመሀል አውጥተሽ ውሃ አጠጫቸው። ምሳ በልተው ወዲያው አይዝለሉ።

አለባበስ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። አንገት ላይ ያለ ማተብ ወይ ሂርዝ ሲዘሉ ይወናጨፋል፣ የሆነ ነገር ላይ ሊያዝም ይችላል፣ ይውለቅ አልልሽም፣ ካናቴራው ውስጥ ከተሽ ጠበቅ አድርጊው ወይ ለዛች ሰአት እጁ ላይ እሰሪለት። ሴት ልጅ ሂጃብ ካላት በስፒል የሚያዘው ሳይሆን በራስ የሚጠለቀው ይሁን። ሎቲ፣ የፀጉር ዶቃ፣ ቁልፍ፣ ስልክ፣ ማስቲካ ሁሉም ይቅር። እግራቸው ስሩ ጎማ ጎማ ያለው ካልሲ ይፈልጋል፣ ብዙ ቦታ እዛው ይሸጡታል፣ ትኬቱ ውስጥ ይካተት አይካተት ቀድመሽ ጠይቂ፣ ለሶስት ልጅ ሲሆን ብሩ ቀላል አይደለም።

ስትገቡ ወረቀት ያስፈርሙሻል። ሰልፉ ቢገፋሽም አንብቢው፣ የማይገባሽ ካለ ጠይቂ፣ በእንግሊዝኛ ከሆነ እህትሽ ታንብብልሽ። ልጅ ቢጎዳ የመጀመሪያ እርዳታ የሚሰጥ ማነው ብለሽም ጠይቂ፣ ሰውየውን በጣታቸው ካሳዩሽ ጥሩ ነው።

አላህ አይበለውና አንዱ ተጎድቶ እግሩን አልረግጥም ካለ ወይ ካበጠ ቀጥታ ሐኪም ቤት፣ ራጅ ይነሳ። ይሄን በደንብ አድርጌ ነው የምልሽ፣ ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ እንዳታሳሹት፣ አጥብቆ የታሰረ እግር ደም ሳያገኝ ቀርቶ እስከ መቆረጥ የደረሱ ልጆች በሀገራችን ሆስፒታሎች ታይተዋል። ትንሽ ልጅ ላይ ደሞ ስንጥቁ በመጀመሪያው ራጅ ላይታይ ይችላል፣ "ምንም የለውም" ተብላችሁ ተመልሳችሁ በቀናት ውስጥ አሁንም የሚያነክስ ከሆነ እንደገና አሳዩት። አንገቱን አመመኝ ካለ ወይ እጅ እግሬ ደነዘዘ ካለ ደሞ ማንም አያንሳው፣ ባለበት ይቆይ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ጥያቄ፦ እኛ አዲስ አበባ ድረስ አንችልም። ኮምቦልቻ በኢድና በበአል ሰሞን ሜዳ ላይ በአየር የሚነፋ ጃምፒንግ ይተክላሉ፣ ልጆቼን እሱ ላይ ላጫውታቸው?
አባት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማጫወት ትችላለህ ግን መጀመሪያ ዞር ዞር ብለህ ገመዱን እይ። የነዚህ ነገሮች ትልቁ ጠላት ንፋስ ነው። እኤአ ዲሴምበር 2021 ላይ አውስትራሊያ፣ ታዝማኒያ ውስጥ ዴቨንፖርት በምትባል ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የተተከለ ጃምፒንግ ንፋስ አንስቶት 6 ልጆች ሞተዋል። የአውሮፓ መስፈርት ቢያንስ 6 ቦታ ላይ ይታሰር፣ ንፋሱ በሰአት ከ38 ኪሎ ሜትር ካለፈ ደሞ ማንም አይግባበት ነው የሚለው፣ መለኪያ ባይኖርህም ትንንሽ ዛፎች መወዛወዝ ከጀመሩ በቃ አውርዳቸው፣ ባለቤቱ "ምንም አይል" ቢልህም አትስማው። አፈር ላይ ከሆነ ችካሉ ጠልቆ መመታት አለበት፣ አስፋልት ላይ ከሆነ ችካል ስለማይገባ በጣም ከባድ ነገር ላይ ነው የሚታሰረው፣ ሁለት ድንጋይ አስደግፎ መተው ማለት እንዳልታሰረ ነው። መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋው ማሽን ይቆምና ጃምፒንጉ ልጆቹ ላይ ይረግባል፣ ስለዚ አጠገቡ ትልቅ ሰው ከሌለ አታስገባቸው። ሌላው ለደሴዋ እህታችን ያልኩት ነው፣ ትልልቆቹ ሲወጡ ትንንሾቹ ይግቡ።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ እጁ ተሰብሮ ጀሶው ወጥቶለታል፣ አሁን ምንም አያመኝም እያለ መዝለያ ቤት ውሰዱኝ ይላል። ልፍቀድለት?
አያት፣ ከወልዲያ

መልስ፦ እናቴ፣ አሁን አይፍቀዱለት። ጀሶ ወጣ ማለት አጥንቱ እንደድሮው ጠንክሯል ማለት አይደለም፣ ህመሙ ቀድሞ ይጠፋል አጥንቱ ግን ገና ሳምንታት ይፈልጋል፣ መዝለያ ላይ ደሞ ልጅ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ነው። ጀሶውን ያወጣለት ሐኪም ጋ ይመለሱና "መዝለል ከመቼ ጀምሮ ይችላል?" ብለው ይጠይቁልን፣ ሐኪሙ ቀን ከሰጠዎት ያን ቀን ለልጁ ይንገሩት፣ ቁርጥ ያለ ቀን ሲያውቅ መጠበቁ ይቀለዋል።