የዱር ዝይ ጫጩቶች ሲያድጉ፦ ጥያቄና መልስ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኩሬ ዳር የምናየው ጥቁር አንገትና ነጭ ጉንጭ ያለው ወፍ የካናዳ ዝይ ነው። መልሶቹ በእሱ ላይ ያተኩራሉ፤ የመጨረሻው ጥያቄ ብቻ ወደ አገር ቤት ይወስደናል።

ጥያቄ፦ ዝይዋ ከቢሯችን ፓርኪንግ ጎን እንቁላል ላይ ከተቀመጠች ሰነበተች። መቼ ነው የሚፈለፈለው?

መልስ፦ የሚቆጠረው ማቀፍ ከጀመረችበት ቀን ነው። እንቁላሎቹን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ልዩነት አንድ አንድ እያለች ትጥላለች፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ይሆናሉ። ተረጋግታ የምትታቀፈው የመጨረሻውን ከጣለች በኋላ ስለሆነ ሁሉም ተቀራርበው ይፈለፈላሉ። ከዚያ ከ25 እስከ 28 ቀን ቁጠሩ። የምታቅፈው ሴቷ ብቻ ናት። ወንዱ ራቅ ብሎ ይጠብቃል፤ ፓርኪንግ ውስጥ ሰው የሚያባርረውም እሱ ነው። እንቁላሉ በላባ ተሸፍኖ እናትየዋ ብትጠፋ ጥላው ሄደች ማለት አይደለም። ውሃ ልትጠጣና ሣር ልትነጭ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች።

ጥያቄ፦ ትናንት ጎጆው ውስጥ ጫጩቶች ነበሩ፣ ዛሬ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ቀበሮ በላቸው ይሆን?

መልስ፦ ምናልባት በሰላም ሄደው ነው። ላባቸው እንደደረቀ፣ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ወላጆቻቸውን ተከትለው ወደ ውሃ ይወርዳሉ። የቀረውን ቅርፊት ተመልከቱ። በወፍራሙ ጫፍ ዙሪያውን ተቆርጦ እንደ ክዳን ከተነሳና የውስጡ ስስ ሽፋን ደርቆ ከተላቀቀ ተፈልፍሏል። ቅርፊቱ ተጨፍልቆ አስኳል ከፈሰሰበት ግን አውሬ ደርሶበታል። ቤተሰቡን በአቅራቢያው፣ ሣር ባለበት የውሃ ዳር ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ዕድገታቸውን ሊመዘግቡ ይፈልጋሉ። በየሳምንቱ ምን ይዩ?

መልስ፦ ሲፈለፈሉ 100 ግራም ገደማ ናቸው፤ ለስላሳው ላባቸው ቢጫ ሆኖ ጀርባው ላይ ወደ አረንጓዴ ያደላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ቢጫው እየደበዘዘ ግራጫ ይሆናል፣ አንገትና እግራቸው ይረዝማል፤ እውነቱን ለመናገር በዚህ ጊዜ መልካቸው አያምርም። አራተኛውና አምስተኛው ሳምንት ላይ ጅራትና ትከሻቸውን አስተውሉ፦ እውነተኛው ላባ ከሽፋኑ ብቅ ይላል። በስድስተኛው ገደማ ጥቁሩ አንገትና ነጩ ጉንጭ ይለያል። የክንፍ ላባ መጨረሻ የሚደርስ ነው፤ ለመሸሽና ለመዋኘት ቀድሞ የሚያስፈልገው እግር ነውና። ከ8 እስከ 9 ሳምንት ሲሞላቸው ውሃ ላይ እየሮጡ ክንፋቸውን ያማታሉ፣ ከዚያም ይበራሉ።

ለምዝገባው በየጊዜው በተመሳሳይ ሰዓት ሂዱ፤ ማለዳ ሣር ሲግጡ ለመቁጠር ይመቻል። 8×42 ባይናኩላር (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው) ይበቃል። ሁለት ጊዜ ቁጠሩ፤ ከእናትየዋ ክንፍ ሥር የተደበቀ አይጠፋም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብርድና ዝናብ ስለማይችሉ ሌሊትና በዝናብ ጊዜ እዚያ ይገባሉ።

ጥያቄ፦ ስድስት የነበሩት አራት ሆኑ፤ ሌላ ጥንድ ደግሞ አሥራ አራት ይዞ ይዞራል። ምን ጉድ ነው?

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አብዛኛው ሞት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፤ ቀበሮ፣ ራኩን፣ ጉጉት፣ ቁራ፣ ከውሃ ሥር ደግሞ ትልልቅ ኤሊዎች አሉ። አሥራ አራቱ የአንድ እናት ላይሆኑ ይችላሉ፦ የተለያዩ ቤተሰቦች ጫጩቶች ተቀላቅለው አንድ ጥንድ አብሮ ሊያሳድጋቸው ይችላል። መጠናቸውን አነጻጽሩ። የዕድሜ ልዩነት ካላቸው ድብልቅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ዳቦ እንዳንሰጥ ይባላል። የተረፈ እንጀራስ?

መልስ፦ እንጀራም፣ ዳቦም፣ ብስኩትም አይሰጥም። ጫጩት የሚያድገው ለጋ ሣርና የውሃ ዳር ተክል እየነጨ ነው፤ ከመጀመሪያው ራሱ ይበላል፣ ወላጆቹ አያጎርሱትም። ኃይል ሰጪ ብቻ የሆነ ምግብ ሲበዛበት ሰውነቱና ላባው ከአጥንቱ ቀድመው ይከብዳሉ። ያኔ የክንፉ የመጨረሻ መገጣጠሚያ ወደ ውጭ ይጣመማል፣ ላባውም ከጎኑ ተገንጥሎ ይቆማል። በጫጩትነቱ ቶሎ ከተደረሰበት ባለሙያ አሥሮ ሊያቃናው ይችላል፤ ካደገ በኋላ ግን አይበርም። ሌላው ጣጣ ምግብ የለመደ ቤተሰብ ወደ ሰው መጠጋቱና ወደ መንገድ መውጣቱ ነው።

ጥያቄ፦ ጁን ላይ ወላጆቹም መብረር አቆሙ፣ ሣሩ ላይ ትልልቅ ላባ ወድቋል። ታመሙ?

መልስ፦ አልታመሙም። በዓመት አንድ ጊዜ የመብረሪያ ላባቸውን በአንድነት ያረግፋሉ፣ ለአንድ ወር ገደማም መሬት ላይ ይውላሉ። ጫጩቶቹ መብረር በሚጀምሩበት ሰሞን የእነሱም ላባ ይመለሳል። ውሻችሁን በዚህ ወቅት በተለይ አጥብቃችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ ብቻውን የሚጮህ ጫጩት አገኘሁ። ቤት ልውሰደው?

መልስ፦ አይወሰድም። በ1918 የወጣው የፌዴራል የተሰዳጅ ወፎች ሕግ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። መጀመሪያ ራቁና ወላጆቹ በጩኸቱ ይመጡ እንደሆነ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ተመሳሳይ ዕድሜ ጫጩት ያለው ቤተሰብ ከቀረበ ብዙ ጊዜ ይቀበለዋል። ማንም ካልመጣ ወይም ከቆሰለ አየር በሚያስገባ ካርቶን ውስጥ ፎጣ አንጥፋችሁ፣ በሙቀትና በጨለማ አቆዩትና ፈቃድ ላለው የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ደውሉ። ገንዳ ውስጥ አታስገቡት፤ እናቱ ሳትኖር ረጥቦ ይበርደዋል። ብዙ አታቅፉት፤ ገና የተፈለፈለ ጫጩት መጀመሪያ ያየውንና የሚንቀሳቀሰውን ነገር እናቴ ብሎ ይከተላል።

ጥያቄ፦ አባትየው አንገቱን ዝቅ አድርጎ እየተነፋ መጣብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፊትዎን ወደ እሱ አዙረው ቀስ ብለው ወደ ኋላ ያፈግፍጉ። ጀርባ ሰጥቶ መሮጥ ያባብሰዋል። ጫጩቶቹ ሲያዩዎት መጋጥ ካቆሙና አንገታቸውን ካቀኑ ቀድሞውንም ተጠግተዋል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። እኛ ጋ የዱር ዝይ ይታያል?

መልስ፦ ይታያል። ገፈርሳና ሱሉልታ እርጥብ ሣር ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ ፈልጉ፤ ባሌ ሳነቴም አለ። ግራጫ ቡናማ ነው፤ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጭንቅላቱን ጀርባው ላይ አስደግፎ ሲቆም ይለያል። ሰማያዊው የክንፉ ክፍል በደንብ የሚታየው ሲበር ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ያለው፣ ዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ክብ ያለበት ደግሞ የግብፅ ዝይ ነው። እሱ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ሊፈለፍል ስለሚችል ጫጩቶቹ ከላይ ዘለው ሲወርዱ ብታዩ አትደንግጡ፣ አታንሷቸውም።